በስመ አብ የሚለካ ብርሃን

አድማሴ ባሌ ነው። ወረታ ላይ ፎቶ አንሺ ብላችሁ ብትጠይቁ የሚያሳዩዋችሁ እሱን ነው፤ ሌላ የለማ! የሰው ሚስት ባሏን አንቱ ትላለች። እኔ ግን ይፋግ ገበያ መሃል ተሰዳድበን ስለተዋወቅን አንተ እንዳልኩት ቀረሁ፤ እሱም አልተቀየመኝ። ያን ቀን ቅቤ ይዤ ተቀምጫለሁ። አንድ ቀጭን ሰው አንገቱ ላይ ሣጥን አንጠልጥሎ መጣና፣ «አንቺ፣ እስቲ ፊትሽን ወደ ፀሐይ መለስ አድርጊልኝ» አለኝ። «ቅቤዬ እንዲቀልጥ ነው? ሂድ ወዲያ፣ የፀሐይ ደላላ!» አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ቅቤ የሚገዛ እየመሰለ በገበያው ቀን ሁሉ መጣ። ወንደላጤ ያን ሁሉ ቅቤ ምን ያደርገዋል? መጨረሻው መጋባት ሆነ።

የቄስ ልጅ ነው። አባቱ ድቁና ይቀበልልኛል ብለው ዳዊት አስደግመውት ነበር። እሱ ግን ጎንደር ዘመድ ጥየቃ ሄዶ አንድ ሽማግሌ ፎቶ አንሺ ደጅ ላይ ቆሞ ቀረ። መጀመሪያ ውሃ ቀዳላቸው፣ ቀጥሎ ወረቀት አጠበላቸው፣ ኋላ ሣጥኑን አስያዙት። ወረታ ሲመለስ ያን ባለ ሁለት ዓይን ሣጥን፣ መርፌዋ የምትንቀሳቀስ የብርሃን መለኪያና የማያልቅ ወሬ ይዞ መጣ። ወሬው ሁሉ ስለ ብርሃን ነው። ሰው ስለ ዝናብ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ግብር ያወራል፤ የኔው ጉድ ግን እህል አፉ ውስጥ ይዞ፣ «ገላነሽ፣ ዛሬ የጠዋቱን ብርሃን አየሽው?» ይላል። «አላየሁትም፤ ሽንኩርት ስከትፍ ዓይኔ ጠፍቶ ነበር» እለዋለሁ።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ ጉድ ሆኖ ነበር። በጥምቀት ማግስት የወረታ ሰው ነጭ በነጭ ለብሶ ደጃችን ላይ ተሰለፈ። አድማሴም መለኪያውን እያስጠጋ፣ መርፌዋ ያለችውን እየሰማ፣ አንድ በአንድ አነሳቸው። ወረቀቱ ሲወጣ ነጠላው ክሩ ሳይቀር ይቆጠራል፤ ፊቱ ግን ከሰል ነው! ጎረቤታችን እትዬ ሸዋነሽ ፎቷቸውን ይዘው መጡና ደጃፋችን ላይ ቆሙ። «እኔ የታለሁ? ነጠላዬን ነው ያነሳኸው! ነጠላዬማ ቤቴ ሣጥኔ ውስጥ አለችልኝ!» አሉ። እኔ በሳቅ ሞትኩ፤ እሱ ግን ሦስት ቀን እህል አልበላም። ኋላ ነው የገባው። ነጭ ልብስ መርፌዋን ያታልላታል። ብርሃን ሞልቷል ብላ ታወራለች፣ እሱም አምኗት ቶሎ ይዘጋል፣ ጠይሙ ፊት ግን ገና ብርሃን አልጠገበም። ከዚያ ወዲህ መለኪያውን ፊት ላይ፣ ፊት ካልተመቸ በገዛ እጁ ጀርባ ላይ እንጂ ልብስ ላይ አስጠግቶት አያውቅም።

ፊልም የሚባለውም ሁሉ አንድ እንዳይመስላችሁ። ማሸጊያው ላይ ቁጥር አለው። ቁጥሩ ትልቅ የሆነው ፈጣን ነው፤ ጥቂት ብርሃን ይበቃዋል፣ ቅጽበት ያህል ከፈት አድርገህ ብትዘጋው ያየውን አይቷል። ቁጥሩ ትንሽ የሆነው ዘገምተኛ ነው፤ ብዙ ብርሃን ይፈልጋል፤ ብርሃን ካነሰው ደግሞ ሣጥኑን ከፍተህ መጠበቅ አለብህ፣ የሚነሳውም ሰው እንደ ግንድ ደርቆ መቆየት አለበት። ይህን ሲያስረዳኝ ግማሽ ቀን ፈጀ። «እኮ ምስርና ሽምብራ ነው በለኛ!» አልኩት። «ምስር በጭራሮ ይበስላል፤ ሽምብራ ግንድ ይፈጃል።» ብድግ ብሎ ግንባሬን ሳመኝ፤ ከዚያ በኋላ በቤታችን ፈጣኑ ምስር፣ ዘገምተኛው ሽምብራ ተባለ። «ታዲያ ለምን ምስሩን አትገዛም?» ስለው፣ «ምስሩ አሸዋ አለበት» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በፈጣኑ የተነሳ ፊት ሲወጣ አቧራ የተነሰነሰበት ይመስላል። የሽምብራው ግን እንደ ለጋ ቅቤ ልስልስ ያለ ነው። አድማሴ በዚያ ልስላሴ ይኮራ ነበር። የፎገራ ሜዳ ደግሞ ከመስከረም እስከ ግንቦት ፀሐይ የሚለምንበት ሰው የለም፤ ምስር ምን ያደርግለታል? ዘገምተኛውን እየገዛ ኖረ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ።

ሌላም አመል ነበረው። ፎቶ የሚያወጣባት ጨለማ ክፍል ግድግዳዋ ላይ የእጅ መዳፍ የምታክል ቀዳዳ አለች። ፊልሙን ወረቀቱ ላይ አስተኝቶ የቀዳዳዋን መዝጊያ ይከፍታል፤ ብርሃኑ የሚበቃውን ያህል ሲገባ ይዘጋል። ታዲያ እዚያ ጨለማ ውስጥ ሰዓት አይታይ! የቄስ ልጅ አይደል፣ በጸሎት ይለካል። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን» ብሎ ሲጨርስ አንዷ ወረቀት በቃት ማለት ነው። ደመና ከሆነ ሁለቴ ይላል። ፊልሙን በመድኃኒት ሲያጥብ ደግሞ አቡነ ዘበሰማያትን እየደጋገመ ነው። የነፍስ አባታችን መምሬ ተክለ ማርያም ሰሙና፣ «አድማሴ፣ የዚህን ሁሉ ጸሎት በረከት ለማን ታደርገዋለህ?» ቢሉት፣ «ለወረቀቱ፣ አባቴ፤ እሱም እንዳይጠቁር» አላቸው። ሳቃቸውን ውጠው ስገድ አሉት።

እንግዲህ ወደ እህቴ ልምጣ። ብዘገይ ብዘገይ እሷ ላይ መድረሴ አይቀርም።

እናታችን ይርገዱን ወልዳ ክርስትና ሳታስነሳት ነው የሞተችው። እኔ ያኔ ጥርሴ የሚነቃነቅ ልጅ ነበርኩ። ይርገዱ አፏን ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ነበረቻት። «እታለም፣ እናታችን ምን ትመስል ነበር?» ትለኛለች። ምን ልበላት? የቀሚሷ ጥለት ትዝ ይለኛል። ሊጥ የነካ እጇን ጎኗ ላይ ጠርጋ ስታቅፈኝ ትዝ ይለኛል። ፊቷ ግን ጠፍቶኛል። ባሰብኩት ቁጥር የአክስቴ ፊት ነው የሚመጣብኝ። «አፍንጫዋ እንደኔ ነው እንደሷ?» ትላለች ይርገዱ፣ ትልቅ ልጃገረድ ሆናም። «ተይኝ እስቲ!» ብዬ እቆጣታለሁ፤ ተቆጥቼ ደግሞ ሆዴ ይባባል።

አድጋ ቁሐር ሚካኤል አገባች። ባሏ አንለይ ደግ ገበሬ ነው፣ ላሞቹን በስማቸው የሚጠራ፣ እሷን ግን ስሟን ለመጥራት የሚያፍር። የሃምሳ አራቱ ክረምት፣ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ሴት ልጅ ተገላገለች። እሰይ ብለን ሳንጨርስ ትኩሳቱ ያዛት። የአራስ ትኩሳት ምን እንደሆነ በኛ ቤት የሚያውቅ አናጣም። ውሃው ሜዳውን ሞልቶ ሐኪም ቤት ማድረስ አይታሰብም፤ ጠበሉም፣ ሥሩም፣ ስለቱም ተሞከረ። ነሐሴ ሲገባ አንለይ እስከ ወገቡ ጭቃ ሆኖ ደጃችን ላይ ቆመ። «ይርገዱ ትጠራችኋለች። አድማሴ ሣጥኑን ይዞ ይምጣ ብላለች» አለ። ለምን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም፣ ማንንም አልጠየቅሁም። ነጠላዬን አነሳሁ።

አድማሴ ሣጥኑን አገላብጦ አየና ፊቱ ተለወጠ። ክረምት ገበያ የለም፤ ፊልም የሚመጣው ከጎንደር ነው፣ እሱም መስከረም ሲጠባ እገዛለሁ ብሎ ትቶታል። ሣጥኑ ውስጥ ያለችው ያቺው ዘገምተኛ ሽምብራ ናት፤ እሷም ሦስት ጊዜ ብታነሳ ነው። «ደጅ አውጥቼ ካነሳኋት ይበቃል» አለ ለራሱ። ሣጥኑን ውሃ እንዳይነካው አገልግል ውስጥ ከተተው፣ አንለይ አገልግሉን ጭንቅላቱ ላይ ተሸከመ፣ እኛም ቀሚስና ሱሪያችንን ሰብስበን ከኋላው ገባን። ጥልቁን በታንኳ፣ ሌላውን በእግራችን ተሻገርን። እግረ መንገዳችንን አድማሴ ሰማዩን ቀና እያለ ያያል። ሰማዩ የድስት ቂጥ መስሏል።

ቤቱ ስንገባ ጨለማ ነው። አራስ ቤት እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ በሩ በቡሉኮ ተጋርዷል፣ ራስጌዋ ላይ ማጭድ ተሰክቷል። አማቷ እሜቴ እናኑ አጠገቧ ተቀምጠው ልጅቷን ይዘዋል። ይርገዱ ያላትን ነጭ ቀሚስ አልብሱኝ ብላ፣ ፀጉሯን ቅቤ አስቀብታ ትጠብቀናለች። ፊቷ ከስቶ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። ሳምኳት፤ እሳት ናት።

«ጋሼ» አለችው አድማሴን፣ «ልጄ እንደኔ እንዳትሆን። እናቴ ምን ትመስል ነበር እያለች ሰው ስትጠይቅ እንዳትኖር። ፊቴን ተውላት።»

«እተውላታለሁ» አለ አድማሴ። ምን ሊል ኖሯል?

መለኪያውን አውጥቶ ያዘ። መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም። አንኳኳት፤ ምንም የለም። ወደ እሜቴ እናኑ ዞረና፣ «እሜቴ፣ ደጃፉ ላይ ብቻ ላውጣት። ደጃፍ ከሆነች ዓይን ርግብ እስኪል ያልቃል» አላቸው።

«አራስ! በቀትር! ደጅ!» አሉ እሜቴ እናኑ። ጮክ አላሉም፣ ግን ልጅቷን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዟት። «ምች ሊመታት? ከአራስ ቤት ብቅ ብላ የቀረች ስንት ቀብሬያለሁ መሰለህ?»

«ፀሐይ እኮ የለም፣ እሜቴ፤ ደመና ነው።»

«ምች ደመና ይፈራል ያለህ ማነው? አንተ ደመናህን አንሳ። እኔ የልጄን ሚስት አሳልፌ አልሰጥም። ሞቷን በኔ እጅ አታድርጉት።»

አንለይ መሬት መሬቱን አየ። አድማሴ እኔን አየኝ። እኔስ? ምችን የማይፈራ ሰው ካለ ይምጣና ያስተምረኝ። ልትሞት ነው ብዬ ያመጣሁት ባሌ ይብስ ምች አስመትቶ እንዳይገድላት ፈራሁ። ይርገዱ ራሷ፣ «ተው ጋሼ፣ አታስቀይማቸው። እዚሁ አንሳኝ» አለችው።

ከዚያ ያለውን ሁሉ አደረገ፤ ይህን ልመስክርለት። ይርገዱን ከመደቡ አውርደን ምሰሶውን አስደገፍናት፤ ከዚያ ወዲያ ወደ በሩ ማቅረብ አልተፈቀደም። የበሩን መጋረጃ እኩሌታውን ገለጥን። አንለይን ደጅ አስቁሞ አዲስ ነጭ ቡሉኮ ክንዱን ዘርግቶ እንዲይዝ አደረገው፤ የሰማዩ ብርሃን ቡሉኮው ላይ አርፎ ወደ ቤት ይመለስ ዘንድ ነው። ሙቀጫ ገልብጦ ሣጥኑን እላዩ ላይ አስቀመጠ። መለኪያውን ወደ ፊቷ ሊያስጠጋ ሲል እሜቴ እናኑ ክፉ ዓይን እንዳይሆንባት ፈሩ፤ እሱም እጁን ከጉንጯ አጠገብ ዘርግቶ በገዛ እጁ ጀርባ ለካ። ነጩን ቀሚስ አላመነውም። መርፌዋ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ተነሳች።

«ምን አለች?» አልኩት።

«የሣጥኑን ብሌን፣ ብርሃን መግቢያውን፣ እስከ መጨረሻው ከፍቼዋለሁ። ከዚህ ወዲያ የምጨምረው ጊዜ ብቻ ነው፤ አንድ በስመ አብ ሙሉ። አሳጥሬ ባነሳት ዓይኗ ያለበት ሁሉ ጥላ ሆኖ ይቀራል፤ ኋላ በመድኃኒት ብዘፈዝፈውም የሌለ አይመጣም። አስረዝሜ ባነሳት ደግሞ ብትንቀሳቀስ ትጠፋለች።» ወዲህ ገደል፣ ወዲያ ገደል።

ይርገዱን፣ «እስክልሽ ድረስ እንዳትንቀሳቀሺ» አላትና ከፈተ፤ ከንፈሩን ገጥሞ በሆዱ ቆጠረ። ግማሽ ሳይደርስ ብርድ ብርድ አላት፤ ጥርሷ እስኪንገጫገጭ ተንቀጠቀጠች። ዘጋው። ጋቢ ደራርበንባት ብርዱ እስኪለቃት ቆየን። ልጅቷን ጡቷ ሥር አስታቀፍናት። ሁለተኛውን ከፈተ፤ ልጅቷ አለቀሰች፤ እናት አይደለችም እንዴ፣ ጎንበስ ብላ አየቻት። ያም ሄደ።

የቀረችው አንዲት ናት። አድማሴ ሣጥኑ አጠገብ ተንበርክኮ ላቡን ጠረገ፤ ያን ጊዜ በቤቱ ውስጥ ላብ የሚያወጣ ነገር አልነበረም። ልጅቷ ጠብታ ተኛች። ብርዱም ይርገዱን ጨርሶ ለቀቃት፤ ቀና ብላ ተቀመጠች፣ ዓይኗን ገለጠች፣ እህቴ እንደ ድሮዋ ሆና ታየችኝ። ደጅ ደግሞ እግዜር ይመስገን፣ ደመናው ሳሳ። አንለይ የያዘው ቡሉኮ ቦግ አለ፤ ፊቷ በራ። አድማሴ መለኪያውን አየ፣ እኔንም አየኝ፣ ዓይኑ እንባ ሞላው። ከፈተ።

እንግዲህ ሰው በጭንቅ ጊዜ አፉን አይገዛም። ፎቶ ሲያነሳ ሁልጊዜ በሆዱ የሚቆጥረው ሰው፣ ያን ጊዜ ግን ድምፁ አመለጠው። «በስመ አብ» አለ፣ እንደ ቅዳሴ ቀስ አድርጎ፣ «ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ...»

ይርገዱ የሰማችው ጸሎት ነው። ነፍሷ በአፍንጫዋ የተንጠለጠለች ሴት በስመ አብ ተብሎላት ዝም ትላለች? ቀኝ እጇን አነሳች፤ ከግንባሯ ወደ ደረቷ፣ ከግራ ትከሻዋ ወደ ቀኝ አማተበች፤ አሐዱ አምላክ ላይ ሲደርስ አንገቷን ደፋች። እኔም አማተብኩ። እሜቴ እናኑም አማተቡ። ደጅ የቆመው አንለይ እጁ በቡሉኮው ተይዞ ራሱን ብቻ ዝቅ አደረገ። «አሜን» አልን ሁላችንም። ሣጥኑ ቀጭ አለ።

«ጨረስክ?» አለችው ይርገዱ።

«ጨረስኩ» አለ።

«እሰይ!» አሉ እሜቴ እናኑ። «ሣጥኑም ለካ የክርስቲያን ነው! እኔ ስፈራው!» አድማሴን ዕድሜ ይስጥህ ብለው መረቁት። እሱ እጁን ሣጥኑ ላይ እንዳደረገ ተንበርክኮ ቀረ፤ ደክሞት መሰለኝ።

ወረታ ስንመለስ አገልግሉን ራሱ ተሸከመ። ቤት እንደገባ ጨለማዋ ክፍል ገብቶ ዘጋ። እኔ ደጅ ሆኜ እጠብቃለሁ። አቡነ ዘበሰማያት ስሰማ ነው የምኖረው፤ ያን ቀን ግን ምንም አይሰማም። ኋላ ወጣና እርጥቡን ወረቀት እጄ ላይ አኖረው።

ልጅቷ አለች። ውይ፣ እንዴት እንዳማረች! ሽፋሽፍቷ ይቆጠራል፤ ጉንጯ ላይ የደረቀችው ወተት እንኳ ታስታውቃለች። ምሰሶው አለ፣ ማገሩ አለ፣ የእህቴ ግራ እጅ ልጅቷን አቅፎ ቁልጭ ብሎ አለ። ከዚያ በላይ፣ አንገትና ፊት መሆን ያለበት ቦታ፣ የጭስ ጉም ነው። ጉም ብቻ።

«አማተበች» አለ አድማሴ።

«አፍህን ብትይዘው ምን ነበር!» ብዬ ጮህኩበት። ጮኼ ሳልጨርስ ደግሞ ቁጣዬ የሚያርፍበት አጣ። ምን ብዬ ልክሰሰው? በስመ አብ አልክ ብዬ? እሷንስ፣ ለምን አማተብሽ ትባላለች? እሜቴ እናኑስ ልጄን ከምች ጠበቅሁ እንጂ ምን አደረጉ? ፈጣኑ ፊልም ቢሆን ኖሮ እጇን ሳታነሳ አልቆ ነበር። ያን ግን ያወቀው አድማሴ ራሱ ነው፤ እኔ ብደግምለት ቁስል መነካካት ነው የሚሆነው። እዚያው ተቀምጠን አለቀስን።

በማግስቱ ምስሩን አመጣለሁ ብሎ ወደ ጎንደር ተነሳ። ርብ ሞልቶ መንገዱን ውጦታል፤ መኪና ወዲያም ወዲህም የለም። እሱ ወንዙ ዳር ውሃው እስኪጎድል ሲጠብቅ፣ እኔ ቁሐር ተመልሼ እህቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። በነቃች ቁጥር የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው።

«ወጣሁ፣ እታለም?»

«ወጥተሻል።»

«ዓይኔ ተገልጧል? ጨፍኜ እንዳይሆን።»

«ተገልጧል። አምረሽ ነው የወጣሽው፤ ከነ ልጅሽ። አድማሴ በትልቁ አደርገዋለሁ ብሎ ነው የቆየው።»

አዎ ዋሸኋት፤ ቢደገምም እዋሻታለሁ። ደስ አላት። «እንግዲያው ይሁን» አለች። ፍልሰታ ሳይፈታ፣ ልጅቷን ጎኗ እንዳደረገች አረፈች።

አድማሴ የደረሰው ከቀብር መልስ ነው። ውሃው ጎድሎለት ተሻግሯል፣ ጎንደር ደርሷል፣ ፈጣኑን ፊልም ገዝቶ ሣጥኑ ውስጥ አጉርሶ፣ ከወረታ እስከ ቁሐር ሮጦ መጥቷል። ግቢውን ሞልቶ የተቀመጠውን ለቀስተኛ አየና ቆመ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ፤ ሣጥኑን ጭቃው ላይ አስቀምጦ ጉንጩን ያዘ። ለቅሶው ላይ ቀሚሷን ይዘው ሲያሞሹ አንዷ፣ «ፎቶ ተነስታ የለ፣ ፎቶዋን አምጡላት!» አለች። ማንም አልተንቀሳቀሰም።

ያቺን ወረቀት ስንት ጊዜ ደጋግሞ አወጣት መሰላችሁ! ብርሃኑን ያሳጥራል፣ ያስረዝማል፣ የፊቷን ቦታ በጣቱ ይጋርዳል። ጉሙ ይነጣል፣ ይጠቁራል፤ ፊት ግን አይሆንም። አንለይ በአርባዋ መጣና ወረቀቱን ይዞ ብዙ ቆየ። ከዚያ አቀርቅሮ፣ «ገላነሽ፣ እናንተ እኮ ትመሳሰላላችሁ» አለኝ። «የሷን ቀሚስ ለብሰሽ አድማሴ ቢያነሳሽ ልጅቷ አታውቅም።» ተነሳሁበት። «እኔ የራሴን እናት ፊት አክስቴ ነጥቃኝ ነው የኖርኩት! በእህቴ ፊት ላይ የኔን አልደርትም!» አልኩት። ወዲያው አሳዘነኝ። ቸግሮት ነው፤ ሁላችንም ቸግሮን ነበር።

ልጅቷን እኔ ወሰድኳት፤ ደብሬ አልናት። አድማሴ ሥራውን አልተወም፣ ግን ያ ወሬው ጠፋ። በስመ አብ እያለ መቁጠር ትቶ የልብ ምቱን እያዳመጠ ይቆጥራል። ክረምት ከበጋ ፈጣኑን ፊልም ብቻ ይገዛል። ሰዉም፣ «ፊታችንን ምነው አሸዋ አስመሰልከው? ድሮ እንዲህ አልነበርክም» ይለዋል። «አሸዋም ቢሆን ፊት ነው» ይላል።

ፎቶዋን ግድግዳው ላይ የሰቀልኳት እኔ ነኝ። ደብሬ ጠያቂ ልጅ ሆና አደገች። ዘንድሮ አንድ ቀን ጣቷን ቀስራ፣ «ይቺ ማን ናት?» አለችኝ።

«አንቺ ነሽ።»

«ይሄስ፣ ጭሱ?»

«እናትሽ ናት።»

«ምን ሆና ነው?»

«ስታማትብ ነው፣ የኔ ዓለም። አንገቷን ደፍታ ነው።»

እሺ ብላ ሄደች፤ ይህን በቀላሉ ተገላገልኩት አልኩ። ከዚያ በኋላ ግን አየኋት። ጠዋት ስትነሳ ፊቷን ሳትታጠብ ግድግዳው ሥር ትቆማለች። ስትጫወት ውላ ስትገባ ትቆማለች። አድማሴ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሣጥኑን ሲወለውል፣ እኔ ምስር ስለቅም፣ «አንቺ ልጅ፣ እዚያ ምን ተገትረሽ ትውያለሽ?» አልኳት።

«ቀና እስክትል ነው» አለችኝ፣ ዓይኗን ከግድግዳው ሳትነቅል። «ቀና ስትል አያታለሁ።»

አድማሴ ሰምቷል። መወልወሉን አቆመ። ምስሩ እጄ ላይ ቀረ፤ ልጅቷም እዚያው ቆማ ትጠብቃለች።